መመሪያውን የሚጠብቀው ማን ነው?

ባለፈው ክረምት አንድ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ከስማዳ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ነበርና፥ ሻይ እየጠጣን ስለ ሥራው ጠየቅሁት። ተወልዶ ያደገው በዚያው በስማዳ ነው፤ ዛሬም የሚሠራው በምሥራቅ ደቡብ ጎንደር ከሚገኙት መሥሪያ ቤቶች ባንዱ፥ በኮምፒዩተር ባለሙያነት ነው። ጋይንት፥ ስማዳና እስቴ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ገበያቸውም ዝምድናቸውም የተያያዘ ነው። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ በነፋስ መውጫ ይሁን በአርብ ገበያ፥ በወገዳ ይሁን በመካነ ኢየሱስ፥ ለይቶ መናገሩ ለዛሬው ጉዳያችን አያስፈልግም።

ጓደኛዬ ያጫወተኝ ነገር ይህ ነው። ሥራውን በተረከበ በሁለተኛው ሳምንት፥ የመሥሪያ ቤቱ መዝገብ የተቀመጠበት ዋናው ኮምፒዩተር አልነሣም አለ። ኮምፒዩተሩ የሚሠራው ሊኑክስ በሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው ሠራተኛ ወደ ሌላ ዞን ተዛውሯል፤ አሠራሩን ደረጃ በደረጃ የጻፈበትንም ደብተር ይዞት ሄዷል። ቢደውልለት ስልኩ አይነሣም። በደጅ ደግሞ ከሩቅ ቀበሌ ሌሊት ተነሥተው በእግራቸው የመጡ ገበሬዎች ጉዳያቸው እንዲፈጸምላቸው ይጠብቃሉ። ከነዚህ አንዲት እናት ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው፥ «ልጄ፥ ማሽኑ ታመመ እንዴ?» ብለው ጠየቁት። እርሱም፥ «አዎን እማማ፤ መድኃኒቱ የተጻፈበት ወረቀት ጠፍቶ ነው» አላቸው። በዚያን ቀን ሰዎቹ ጉዳያቸው ሳይፈጸም ወደየቀያቸው ተመለሱ።

ይህን የሰማ ሰው ጥፋቱን ሁሉ በተዛወረው ሠራተኛ ላይ ለመጣል ይቸኩል ይሆናል። ነገር ግን ሰውየው የወሰደው የራሱን ደብተር ነው። ጻፍ ብሎ ያዘዘው አልነበረም፤ አስረክብ ብሎ የጠየቀውም የለም። መሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተሩን፥ ጠረጴዛውንና ወንበሩን ቁጥር ለጥፎ በንብረት መዝገብ አስፍሯቸዋል፤ የኮምፒዩተሩን መጽሐፍ ግን እንደ ንብረት የቆጠረው አልተገኘም። እንግዲህ የዛሬው ጥያቄያችን ይህ ነው፤ መሣሪያን የምንጠብቅ ሰዎች የመሣሪያውን መመሪያ የምንጠብቀው መቼ ነው? ጠባቂውስ ማን ይሁን?

ስምና ጉድለት የተጻፈበት መጽሐፍ

ኦፐሬቲንግ ሲስተም ማለት በኮምፒዩተሩ አካልና በምንሠራባቸው ፕሮግራሞች መካከል ሆኖ ሁሉን የሚያስተዳድር ዋና ፕሮግራም ነው። ፋይል የት እንደሚቀመጥ፥ ማን እንዲያነበው እንደሚፈቀድለት፥ አታሚው መቼ እንደሚታዘዝ የሚወስነው እርሱ ነው። ይህ አስተዳዳሪ የሚሰማቸው ትእዛዞች እጅግ ብዙ ናቸው፤ አንዲት ፊደል ስትለወጥም የትእዛዙ ፍሬ ይለወጣል። ይህን ሁሉ በቃሉ የሚይዝ ሰው የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ትእዛዝ ምን እንደሚሠራ፥ እንዴት እንደሚጻፍ፥ ሲሳሳት ምን እንደሚመልስ የሚያስረዳ የማጣቀሻ መጽሐፍ ያስፈልጋል።

የዛሬዎቹ የነዚህ መጻሕፍት አባት የዩኒክስ መመሪያ ነው። በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ዩኒክስን የሠሩት ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ የመጀመሪያውን የመመሪያ መጽሐፍ ያወጡት ጥቅምት 23 ቀን 1964 ዓ.ም.፥ ማለትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኖቬምበር 3 ቀን 1971 ነበር። መጽሐፉ ለያንዳንዱ ትእዛዝ አንድ አጭር ገጽ ሰጥቶ በተወሰኑ ርእሶች ይከፋፍለዋል፤ ስሙ፥ አጻጻፉ፥ ማብራሪያው እያለ ይሄዳል። ከርእሶቹ መካከል ሁለቱ ከሌሎቹ ይልቅ ልብ ሊባሉ ይገባል። አንደኛው «ጉድለት» የሚለው ነው። በዚህ ሥር የትእዛዙ ሠሪ ራሱ የሥራውን እንከን ሳይደብቅ ይጽፋል። ሁለተኛው «ባለቤት» የሚለው ነው። በዚህ ሥር ደግሞ ችግር የገጠመው አንባቢ የሚጠይቀው ሰው ስም ይገኛል።

አንባቢ ሆይ፥ እነዚህን ሁለት ርእሶች ከየመሥሪያ ቤታችን ወረቀት ጋራ አስተያያቸው። የምንጽፈው ሪፖርት የተሳካውን ይዘረዝራል፤ ጉድለቱን ግን «አንዳንድ ውስንነቶች» ብሎ ያልፈዋል። መመሪያችንም ማኅተም አለው እንጂ የሚጠየቅበት ሰው ስም የለበትም። እነዚያ ሁለት ሰዎች ከሃምሳ ዓመት በፊት የጻፏት ገጽ ያስተማረችው ታላቅ ነገር፥ ጽሑፍ የሚታመነው ጉድለቱ ሲነገርና ተጠያቂው ሲታወቅ መሆኑን ነው።

ይህን መመሪያ በዩኒክስም ሆነ በሊኑክስ ለማንበብ የሚጻፈው ትእዛዝ ሦስት የላቲን ፊደል ብቻ ነው፤ «ማን» ተብሎ ይነበባል። በእንግሊዝኛው «ማኑዋል» ከሚለው ቃል የተቆረጠ ነው። በእኛ ጆሮ ግን ጥያቄ ሆኖ ይሰማል። ጓደኛዬ እንደ ነገረኝ፥ አብረውት የሚሠሩት ሰዎች ይህን ትእዛዝ ሲጽፍ አይተው፥ «ማን? ማንን ነው የምትጠይቀው?» እያሉ ይስቁበታል። ነገሩ ቀልድ ቢሆንም ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ ከገጹ በስተጀርባ ሁልጊዜ አንድ ሰው አለና።

አራት ሰዎች በሠላሳ ዓመት

እነዚያ ሰዎች እነማን ናቸው? ሊኑክስን በ1991 የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ በሄልሲንኪ ተማሪ ነበር። (ከዚህ በታች ስለ ውጭ አገር የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሥራው በዓለም ተበትነው በሚኖሩ ፈቃደኞች እጅ ሲያድግ፥ ፕሮግራሙን የሚጽፍ ብዙ ሰው ተገኘ፤ መመሪያውን የሚጽፍ ግን ጥቂት ነበር። በ1992 ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው የሊኑክስ መመሪያዎችን የሚያዘጋጅ የፈቃደኞች ሥራ ጀመሩ። ከዚያም በተለይ የሲስተሙን ውስጣዊ ጥሪዎች የሚያስረዱትን የማጣቀሻ ገጾች ከ1993 ጀምሮ ሪክ ፌይዝ ያዘ። በ1995 የሆላንዱ የሒሳብ ሊቅ አንድሪስ ብራውወር ተረከበው። በ2004 ማይክል ኬሪስክ ተተካ፤ በ2020 ደግሞ አሌሃንድሮ ኮሎማር የሚባል ሰው ገብቶ ሸክሙን ተቀበለ።

ልብ እንበል፤ ከ1,000 በላይ ለሆኑ ገጾች በሠላሳ ዓመት ውስጥ የተፈራረቁት ዋና ጠባቂዎች አራት ናቸው። እርግጥ ነው፥ እርማት የሚልኩ ሰዎች በጣም ብዙ ናቸው፤ የመጣውን እርማት መርምሮ የሚቀበለውና የሚመልሰው፥ አሮጌውን ከአዲሱ የሚያስማማው ግን ከነዚህ አንዱ ነበር። በእነዚህ ገጾች የሚጠቀመው ማነው ቢባል፥ ዓለም ሁሉ ነው ማለት ይቻላል። ታላላቆቹ የኢንተርኔት ድርጅቶች የሚሠሩት በሊኑክስ ነው፤ በኪሳችን ያለው የአንድሮይድ ስልክም ልቡ ሊኑክስ ነው።

በሴፕቴምበር 2024 ግን አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ተሰማ። ኮሎማር ለዓመታት ያለ ደመወዝ የሠራውን ሥራ ከእንግዲህ ያለ ድጋፍ ሊቀጥል እንደማይችል አስታውቆ ሥራውን አቆመ። ሰውየው ሰንፎ አልነበረም፤ ሰው መብላት ስላለበት ነው። በኋላ በገጾቹ የሚጠቀሙ ኩባንያዎች ወጪውን ተካፍለው ሊረዱት ስለ ተስማሙ ሥራው ቀጠለ። ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። የሁሉም የሆነ ሥራ የማንም ሳይሆን ሊቀር ይችላል፤ ፈቃደኝነትም ሥራን ያስጀምራል እንጂ ብቻውን ለዘላለም አይመግበውም።

ሌላም ትምህርት አለ። ዴቢያን የተባለው የፈቃደኞች ማኅበር የሚያወጣው ሲስተም በደንቡ ውስጥ፥ እያንዳንዱ ፕሮግራም የመመሪያ ገጽ ሊኖረው እንደሚገባ፥ ገጹ ከጎደለም እንደ ፕሮግራሙ ስሕተት እንደሚቆጠር ጽፏል። ኦፕን ቢኤስዲ የተባሉትም በመመሪያ ላይ የተገኘ ስሕተትን በፕሮግራሙ ላይ ከተገኘ ስሕተት አያሳንሱትም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መመሪያ ሥራው ካለቀ በኋላ ጊዜ ከተረፈ የሚደረግ ጌጥ መሆኑ ቀርቶ፥ ያለ እርሱ ሥራው አላለቀም የሚባልለት አካል ሆነ ማለት ነው።

ኢንተርኔት በሌለበት ቀን

«ይህ ሁሉ ለስማዳ ምን ያደርግለታል? የቸገረው ሰው ኢንተርኔት ገብቶ ይፈልግ የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ለዚህ መልስ የሚሰጠው የቅርብ ጊዜ ታሪካችን ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ፥ መቋረጡ ለብዙ ወራት ቆይቷል። በነዚያ ወራት በጋይንት ወይም በእስቴ የሚሠራ ባለሙያ አንድ ነገር ቢጠፋበት የሚጠይቀው የሩቅ አዋቂ አልነበረውም። በእጁ የቀረው በኮምፒዩተሩ ውስጥ አብሮ የተቀመጠው መመሪያ ብቻ ነበር። እነዚያ ገጾች መስመር አይጠይቁም፤ ሲስተሙ ሲጫን አብረው ይጫናሉ፤ መብራት እስካለ ድረስ ይነበባሉ።

ጓደኛዬም ያን የቆመ ኮምፒዩተር ያስነሣው በዚሁ መንገድ ነው። «ማን» እያለ ገጽ በገጽ አነበበ። እንግሊዝኛው ከበደው፤ መዝገበ ቃላት አጠገቡ አስቀምጦ አንዱን አንቀጽ ሦስት ጊዜ እየደገመ አነበበው። በሦስተኛው ቀን ማሽኑ ተነሣ። ሲነሣም ደስታውን በጩኸት ከመግለጥ ይልቅ አንድ ቁም ነገር ሠራ፤ ያነበበውንና የሠራውን በአማርኛ በአራት ገጽ ጽፎ፥ ከኮምፒዩተሩ አጠገብ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። በግርጌውም፥ «ባለቤት» ብሎ ስሙንና ቀኑን ጻፈ፤ ከዚያም፥ «ስሕተት ያገኘ ይንገረኝ» የሚል አከለበት።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፈውም ነበር። ከስድስት ወር በኋላ ሲስተሙ ወደ አዲስ ቅጅ ተለወጠ፤ በወረቀቱ ላይ ሦስተኛ ተራ የተጻፈው ትእዛዝም ከአዲሱ ጋራ አልስማማ አለ። ጓደኛዬ በዕረፍት ላይ ሳለ አንዲት አዲስ ሠራተኛ ወረቀቱን አምና ያንኑ ፈጸመች፤ ግማሽ ቀንም በከንቱ ባከነባት። ሲመለስ፥ «ወረቀትህ ዋሸኝ» አለችው። እርሱም ዕለቱን አርሞ ቀኑን ለወጠ። «መጻፉ አንድ ሳምንት ፈጀብኝ፤ ማኖሩ ግን ማለቂያ የለውም» ያለኝ ይህን አስታውሶ ነው። የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ይህች አነጋገር ናት። ጨርሶ ያልተጻፈ መመሪያ ሰውን ያስቸግራል፤ ተጽፎ የተተወ መመሪያ ግን ሰውን ያሳስታል።

የጋይንት ትምህርት

ጽሑፍን እንዴት አድርጎ በትክክል ማኖር እንደሚቻል ለማወቅ ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያሻንም። የድጓ ምስክር ቤት የሆነችው ቤተ ልሔም የምትገኘው በዚሁ በጋይንት ነው። ድጓ በቤተ ክርስቲያን ትውፊት መሠረት ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት የደረሰው ታላቅ የዜማ መጽሐፍ ነው። ከቃሉ በላይ እየተደረቡ የሚጻፉትን የዜማ ምልክቶችም በ16ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት እንዳበጇቸው ይነገራል።

እንዲህ ያለ መጽሐፍ በእጅ ሲገለበጥ ስሕተት መግባቱ አይቀርም። አንዱ ጸሐፊ አንዲት ምልክት ይዘላል፤ ሁለተኛው ከእርሱ ይገለብጣል፤ ሦስተኛው ስሕተቱን እንደ ሥርዓት አድርጎ ያስተምረዋል። ይህ እንዳይሆን የቀደሙት ሊቃውንት መላ አበጁ። ድጓን የሚማር ሰው በየትም አገር ይማር፤ መምህር ተብሎ ወንበር ለመዘርጋት ግን ቤተ ልሔም ሄዶ መመስከር አለበት። እዚያ ዜማው ይሰማል፥ መጽሐፉ ይመረመራል፥ የተሳሳተው ይፋቃል፥ ይታረማል። ያልተመሰከረ ሰው ድምፁ ቢያምርም ምስክርነት የለውም።

ይህን ሥርዓት ከላይ ካየነው የውጭ አገር ሥራ ጋራ ብናስተያየው በሦስት ነገር ይመሳሰላሉ። በሁለቱም ዘንድ የታወቀ ዋና ቅጅ አለ፤ በሁለቱም ዘንድ ስለ ቅጁ የሚጠየቅ የታወቀ ሰው አለ፤ በሁለቱም ዘንድ ከሩቅ የመጣ ሰው ሥራው ሳይመረመር አያልፍም። አንድ ትልቅ ልዩነትም አላቸው። የቤተ ልሔም መምህር የሚደክመው ድጓው እንዳይለወጥ ነው። የኦፐሬቲንግ ሲስተም መመሪያ ጠባቂ የሚደክመው ግን ፕሮግራሙ በተለወጠ ቁጥር ገጹ ሳይዘገይ እንዲለወጥ ነው። አንዱ ለውጥን ይከላከላል፤ ሌላው ለውጥን ይከተላል። ሁለቱም ግን ያለ ጠባቂ አንድ ትውልድ እንኳ አይዘልቁም።

ስለ እንጀራም የጋይንት ሰው የሚያውቀው ነገር አለ። ያ ደበሎ ለብሶ፥ አኮፋዳ አንጠልጥሎ፥ ቁራሽ እየለመነ ለዓመታት የተማረ ተማሪ በምን ኖረ? ያኖረው የአገሩ ገበሬ ነው። ገበሬው ራሱ ድጓ አያነብም፤ ምልክቱንም አያውቅም፤ ነገር ግን ሊቅ ያለ እንጀራ እንደማይኖር ያውቅ ነበርና ከጎተራው አካፈለው። ኮሎማር በ2024 የጠየቀው ከዚህ የተለየ አልነበረም። በመመሪያው የሚጠቀሙ ሀብታም ድርጅቶች ለማካፈል የተነሡት ሥራው ከቆመ በኋላ ነው፤ የጋይንትና የስማዳ ገበሬ ግን ሥራው እስኪቆም አልጠበቀም። በዚህ ነገር ማን ከማን ይማር?

በአማርኛስ?

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ፊደላችን በኮምፒዩተር እንዲጻፍ ብዙ ሰዎች ደክመዋል። በ1999 የወጣው የዩኒኮድ 3ኛ ቅጅ የግዕዝን ፊደል በዓለም አቀፉ ሠንጠረዥ ውስጥ አስገብቶታል። በውጭ አገር የሚኖረው ዳንኤል ያዕቆብና የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የተባለው ማኅበርም ሊኑክስ አማርኛን እንዲያውቅ የሚያደርገውን ፋይል ጽፈው አበርክተዋል። ይህ ፋይል ቀንና ወር በአማርኛ እንዴት እንደሚጻፍ፥ ገንዘባችን ምን እንደሚባል ለሲስተሙ የሚነግር ነው። በፋይሉ ውስጥ የፈረንጆቹ ወሮች ስም ለረጅም ጊዜ «ጃንዩወሪ፥ ፌብሩወሪ» ተብሎ ተጽፎ ኖሯል። ይህን ያየ ተማሪ ሁሉ ስቋል። እርማት ጽፎ የላከው ግን ስንቱ ነው? መሳቅ ከማረም ይቀላል፤ ይህን ለራሴም ጭምር እናገራለሁ፥ እኔም ከሳቁት አንዱ ነበርሁና።

የሊኑክስን የመመሪያ ገጾች ወደ ልዩ ልዩ ቋንቋዎች የሚመልስ ሌላ የፈቃደኞች ሥራ አለ። ጀርመንኛ፥ ፈረንሳይኛ፥ ፖሎንኛ፥ ሮማንኛ፥ ዩክሬንኛ በዚያ ይገኛሉ፤ አማርኛ ግን የለም። ለነጻ ፕሮግራሞች የተጀመሩት የአማርኛ ትርጉሞችም ብዙዎቹ ከፊሉ አማርኛ፥ ከፊሉ እንግሊዝኛ ሆነው በጅምር ቀርተዋል። ጅምሩ ለምን እንደ ቀረ ከላይ ያየነው ይነግረናል፤ የሚጽፍ ሰው በአንድ ሰሞን ጉጉት ይገኛል፤ ጠባቂ ግን አልተሾመለትም።

በዚህ ነገር ላይ ሦስት ተቃውሞ ሲቀርብ እሰማለሁ። አንደኛው፥ «የኮምፒዩተር ሰው እንግሊዝኛ ይወቅ» የሚለው ነው። ይወቅ፤ ማወቁ ይጠቅመዋል። ነገር ግን ግማሹን ብቻ የተረዳ ሰው አደገኛ ነው። «አርኤም» የሚባለው የሊኑክስ ትእዛዝ ፋይልን የሚያጠፋው ወደ ቆሻሻ ቅርጫት ሳያስቀምጥ፥ በቀጥታ ነው፤ ከዚያ በኋላ መመለሻው እጅግ አስቸጋሪ ነው። የገጹን አንድ ዐረፍተ ነገር በግምት ያለፈ ጸሐፊ የአንድ ወረዳ መዝገብ ሊያጠፋ ይችላል። እንዲህ ያለውን ማስጠንቀቂያ ሰው በእናቱ ቋንቋ ቢያነበው ምን ይጎዳል?

ሁለተኛው፥ «አማርኛ ለዚህ ቃል የለውም» የሚል ነው። የአዲስ አበባ መካኒክ «ካቻቢቴ አቀብለኝ» ብሎ መኪናውን ይሠራል እንጂ፥ ለካቻቢቴ የግዕዝ ስም እስኪገኝ ድረስ መኪናውን አያቆምም። ትእዛዙ በላቲን ፊደል እንዳለ ይቀመጥ፤ «ፋይል» የለመድነው ቃል ነውና ፋይል ይባል፤ ማብራሪያው ግን ጥርት ባለ አማርኛ ይጻፍ። አስቸጋሪው ነገር ቃል ማጣት አይደለም፤ የምንናገረውን አጥርቶ ማወቅ ነው።

ሦስተኛው የዛሬ ዘመን ተቃውሞ ነው፤ «ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይተረጉመዋል» ይላል። እርግጥ ረቂቁን ሊያወጣ ይችላል። ነገር ግን «ባለቤት» በሚለው ርእስ ሥር የማን ስም ይጻፋል? ስሕተት ሲገኝ ቀኑን ለውጦ የሚያርመው ማን ነው? ደግሞም ያ መሣሪያ የሚማረው ሰዎች ከጻፉት ነው፤ በአማርኛ ያልጻፍነውን ከየት አምጥቶ ያውቀዋል? መስመር በተቋረጠበት ቀንም ከሩቅ ያለው አስተውሎት በስማዳ አይደረስበትም።

ምን እናድርግ?

መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤሚሬትስ ጋራ በመተባበር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን በኮምፒዩተር ዕውቀት የሚያሠለጥን ፕሮግራም ጀምሯል። ይህ ትልቅ ሐሳብ ነው። ከሠልጣኞቹ መካከል ፕሮግራም የሚጽፉ እንደሚገኙ ሁሉ፥ የተጻፈውን የሚያስረዱና የሚጠብቁ ሊገኙ ይገባል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ለወጣት ሠራተኞችና ለተማሪዎች ሊጠቅም የሚችል አራት ነገር ያሳስባል።

አንደኛ፥ መመሪያ በንብረት መዝገብ ይግባ። ሠራተኛ ሲዛወር ወንበሩንና ቁልፉን እንደሚያስረክብ ሁሉ፥ የአሠራሩን ጽሑፍ ሳያስረክብ ርክክቡ ተፈጸመ አይባልለት። ይህ አዲስ በጀት አይጠይቅም፤ በርክክቡ ቅጽ ላይ አንድ መስመር መጨመር ይበቃል።

ሁለተኛ፥ ሺውን ገጽ ሁሉ ለመተርጐም አንመኝ። ብዙ ጀምሮ መተው ልማዳችን ሆኗል። በየቀኑ የሚያስፈልጉትን ሃያ ወይም ሠላሳ ገጾች እንምረጥ፤ በያንዳንዱ ላይ የተጻፈበት ቀን፥ የሚስማማው የሲስተም ቅጅ፥ የታወቀው ጉድለትና የባለቤቱ ስም ይጻፍ። ባለቤት ያልተገኘለት ገጽ ባይወጣ ይሻላል።

ሦስተኛ፥ በደብረ ታቦር፥ በባሕር ዳርና በጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች የምትማሩ የኮምፒዩተር ተማሪዎች ሆይ፥ ከመመረቃችሁ በፊት አንድ ገጽ ተረከቡ። በመጀመሪያ በእንግሊዝኛው ገጽ ላይ አንዲት ስሕተት ፈልጋችሁ እርማት ላኩ፤ ጠባቂዎቹ ከማንኛውም አገር የመጣን እርማት መርምረው ይቀበላሉ። ይህ የእናንተ ቤተ ልሔም ይሁን፤ ሥራችሁ እዚያ ይመርመር፥ ይታረም። ከዚያ በኋላ የአማርኛውን ገጽ ጻፉ፤ አንድ ዓመት ሙሉም ጠብቁት።

አራተኛ፥ እንጀራውን አንርሳ። ወጣቱን «ለአገርህ ብለህ ሥራ» ማለት ቀላል ነው። መመሪያ ለመጻፍና ለማረም የዋለው ሰዓት ግን እንደ ሥራ ሰዓት ካልተቆጠረ፥ በሥራ ግምገማም ካልታየ፥ ፈቃደኛው አንድ ቀን እንደ ኮሎማር መቆሙ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ደግሞ የሚደርስለት ኩባንያ ላይገኝ ይችላል።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ብለዋል። አባባሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ውርስ ወራሽ ይፈልጋል።

ይህን ጽሑፍ ለመጨረስ በተቀመጥሁበት ሳምንት ጓደኛዬ ስልክ ደወለልኝ። የዝውውር ደብዳቤ ደርሶታል፤ ከስማዳ አገሩ ራቅ ወዳለ ስፍራ ይሄዳል። ስለ ደመወዙና ስለ አዲሱ ቦታው ካወራን በኋላ፥ «ወረቀቱስ?» ብዬ ጠየቅሁት። ዛሬ አራቱ ገጽ ዐሥራ አንድ ሆነዋል አለኝ። ያችን «ወረቀትህ ዋሸኝ» ያለችውን ሠራተኛ አጠገቡ አስቀምጦ፥ እያንዳንዱን ትእዛዝ በፊቱ እንድትፈጽመው አደረገ፤ ሁለት ስሕተትም አገኘችበት። ሁለቱንም አረሙ። ከዚያም «ባለቤት» በሚለው ርእስ ሥር የራሱን ስም ሰርዞ የእርሷን ስም ጻፈ፤ ቀኑንም ለወጠ። ወረቀቱ ከግድግዳው ላይ አልተነሣም።